ይድረስ ለግቢያችን ኢንተርሎክ (የሲሚንቶ ንጣፍ ጡብ) ኮንትራክተራችን፣ ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ናፍቆቱ የጀመረን ቀብዱን በተቀበሉ ማግስት ነው።

በቅድሚያ ምስጋና። ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አስተምረውናል። ጠዋት ውርጭ ነው፣ አይሠራም። ከሰዓት ንፋስ ነው፣ አይሠራም። በመሀል ያለችው ሰዓት የምሳ ናት። ስንደውል «ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞኝ ነው» ይላሉ። እናምናለን፤ ጣርማ በርና ጉም መቼ ተለያይተው ያውቃሉ! ከኋላዎ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ወያላ ግን ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ምን እየሠራ ነው?

ወደ ንጣፉ እንምጣ። ጥቁር አፈሩ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሰሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) ይሞላል፣ ውሃ እየጠጣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይደለደላል። የሚባለው እንዲህ ነው። የኛ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እርስዎ ግን ሩኅሩኅ ነዎት፤ አፈሩን አላስከፉትም። ሣሩን እንኳ ሳይነቅሉ አሸዋ አለበሱት። ፕሮፎርማው ላይ «የኮምፓክተር ኪራይ» ያሉት ሁለት ልጆች ሲረግጡት ነበር። አንደኛው ደግሞ ቀጭን ነው።

መኪና ስለሚገባ ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኢንተርሎክ ተስማማን። የመጣው 6 ነው። ሜትር አውጥቼ ስለካ «ሲነጠፍ ይወፍራል» አሉኝ። እየጠበቅን ነው።

ዳር ዳሩን የሚይዘውን ከርቭስቶን «ለውበት ነው፣ ይቅርብዎ» ብለው አስቀሩት። ይኸው በበሩ በኩል ያሉት ኢንተርሎኮች አንድ በአንድ ወደ መንገድ እየወጡ ነው። ጎረቤታችን ሦስቱን ወስደው ጉልቻ አድርገዋቸዋል። እዚያ፣ የሚገርመው፣ አልተነቃነቁም።

ተዳፋቱን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ውሃ እንዳይተኛ በ1 ሜትር 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። እርስዎም አልነፈጉንም። ወደ ሳሎን ነው እንጂ! ሲባጎ ይወጠር ስንል «ዓይኔ ውሃ ልክ ነው» ብለው ተቆጡ። እኛም አፈርን። በሐምሌ ዝናቡ መጣና ሥራዎን ተረከበ። በሩ ሥር ተኝቶ፣ ምንጣፉን አልፎ፣ ሶፋው እግር ድረስ ገብቶ አየልን። ከእርስዎ ይልቅ እሱ ቀጠሮ ያከብራል።

ሰሞኑን ስለ ቀሪው ክፍያ ደውለዋል። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ጉምም አልነበረ፣ ወያላም አልነበረ። በደስታ እንከፍላለን። ብሩ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መጥተው በእጅዎ ይውሰዱ። ሲመጡ ብቻ ቦቲ ያድርጉ።