ጤናማው ፓንኬክና የዱቄቶች ሹመት

የእሑድ ቁርስ በአዲስ አበባ ማንም የማይጨነቅበት ጉዳይ ነበር። የቅዳሜ ወጥ ከተረፈ ይፈረፈራል፤ ካልተረፈ ቂጣ ተጋግሮ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፤ ሻይ ይፈላል፤ በቃ። አሁን ግን ደመወዙ ከወር ወር የሚያደርሰው፣ ወይም የሚያደርሰው መስሎ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ፣ በዚያች አንዲት ጠዋት ለልጆቹ ጤና፣ ለአባወራው ቦርጭና ለእናቲቱ ስልክ ካሜራ በአንድነት የሚስማማ ፓንኬክ የማቅረብ ግዴታ ወድቆበታል። ፓንኬኩም እንደ ነገሩ የሚጋገር አይደለም፤ የስንዴ ዱቄት ያልነካው፣ ስኳር ያልገባበት፣ በሙዝ የጣፈጠና በእንጆሪ የተሸለመ መሆን አለበት።

የነገሩ ሥር የዱቄቶች ማዕረግ ነው። በወላጆቻችን ዘመን ነጭ ፉርኖ ዱቄት የክብር ዱቄት ነበር። ማኛ ጤፍ ለእንግዳ ሲቀርብ ቀይ ጤፍ ለቤተኛ ይበቃል ይባል ነበር፤ ማሽላ የተቀላቀለበት እንጀራ ያቀረበች ባለቤት ደግሞ «ጤፉ ተወደደብን» ብላ ሳትጠየቅ ትናዘዝ ነበር። ዛሬ ሹም ሽሩ ተጠናቋል። ፉርኖ ዱቄት ከጓዳ ተባርሯል፣ ቀይ ጤፍ «ብረት አለው» ተብሎ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጥቷል፣ ማሽላም ያለ ኑዛዜ በኩራት ይቀርባል። እኔ በሹመቱ ቅር አልተሰኘሁም፤ ቅር የሚለኝ የሹመት ደብዳቤው ሁልጊዜ ከውጭ አገር መምጣቱ ነው። አጃን ተመልከቱ። እህል በረንዳ ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ለአራስ አጥሚት ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ያው እህል ተዳምጦ፣ በካርቶን ታሽጎና ባሕር ተሻግሮ ሱፐርማርኬት ሲደረደር ግን እናቲቱ መነጽሯን አድርጋ የካርቶኑን ጀርባ ታነባለች፣ ዋጋውን ሳታነብ ትከፍላለች፣ ቤቷም ወስዳ በጁስ መፍጫ መልሳ ዱቄት ታደርገዋለች፤ ወፍጮ ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ በር ፊት ለፊት ነው።

የጤፉ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በሚመለከት ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የባለቤትነት መብት ሰጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ምድር የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፍርድ ቤቱ «የፈጠራ ብልሃት የለበትም» ሲል የደረሰበትን ድምዳሜ፣ ወፍጮ ቤት ተራ የምትጠብቅ ማንኛዋም ሴት ያለ ጠበቃ በመሰከረችለት ነበር። አገር በጤፍ ሲሟገት በኖረበት በዚያ ዘመን ግን ጤፍ ፓንኬክ እንደሚሆን የተማርነው አይዳሆ በበቀለ ጤፍ ከምትጋግር ፈረንጅ ቪዲዮ ነው፤ ቪዲዮውን የላከችልንም ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስት ልጅ ናት። እርሷ እዚያ የኢትዮጵያ ሱቅ ድረስ ነድታ እንጀራ ትገዛለች፤ እኛ እዚህ እንጀራውን ገፋ አድርገን የእርሷን ፓንኬክ እንሞክራለን።

ግሉተን ስለተባለው፣ በስንዴ ውስጥ ስለሚገኘው ፕሮቲን፣ ለመናገር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ላለበት ሰው ጥቂት ስንዴ እንኳ አንጀት ይጎዳል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጤፍ በእውነት ይታደገዋል፤ በእርሱም የሚቀልድ የለም። እኔ የማነሣው እሑድ ጠዋት ከግሉተን የሚሸሸውንና ከሰዓት በኋላ ሠርግ ቤት ድፎ ዳቦ የሚደግመውን ሰው ነው። ስንዴን አባርሮ በምትኩ ገብስ የሚያስገባ ቤትም አለ። ገብስ ራሱ ግሉተን እንዳለው ማንም አልጠየቀውም፤ እርሱም ሳይናገር ገብቶ ተቀምጧል።

ከዱቄቶች ሁሉ መከራ ያመጣው ግን ሽምብራ ነው። ቪዲዮው «ግማሽ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት» ይላል። የሽምብራ ዱቄት በእኛ ጓዳ አለ፤ የሚኖረው ግን ሽሮ ሆኖ፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ኮረሪማውን ይዞ ነው። አንድ ጎረቤቴ ባለቤቱን ለማስደሰት ብሎ፣ እርሷ ሳትነሣ ሙዙን ደፍጥጦ፣ ሽሮውን ለክቶ፣ እንቁላሉን መትቶ ጋገረ። ልጆቹ አንድ አንድ ጉርሻ ከቀመሱ በኋላ ትልቋ በትሕትና «ባቢ፣ ይህኛው በእንጀራ ነው የሚበላው?» ብላ ጠየቀችው።

በአግባቡ ከተሠራ የጤፍ ፓንኬክ መልካም ምግብ መሆኑን መካድ ግፍ ነው። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የአጃ ዱቄት፣ አንድ ትልቅ የበሰለ ሙዝ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ኩባያ ያህል ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥጫ ጨው ይበቃዋል። ምስጢሩ ሊጡን ሩብ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው፤ እነዚህ ዱቄቶች ውኃ የሚጠጡት ቀስ ብለው ነው፤ ሳይጠጡ ወደ መጥበሻ የገቡ እንደሆነ ሲገለበጡ ይፈረካከሳሉ፣ ሲበሉም አሸዋ አሸዋ ይላሉ። እሳቱም መለስተኛ መሆን አለበት፤ ሙዝ የራሱ ስኳር ስላለው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ይህን ሁሉ ግን ቪዲዮ ያየችው እናት ሳትሆን የቤት ሠራተኛዋ ቀድማ ታውቀዋለች። እንጀራ ስትጋግር ያደገች ልጅ ናትና የመጀመሪያው ፓንኬክ ማሟሻ መሆኑን ማንም አይነግራትም፤ የሊጡ ዓይን ተከፍቶ ሳይደፈን ሲቀር የመገልበጫው ሰዓት እንደ ደረሰም ታያለች። «እትዬ፣ ዓይን አውጥቷል፤ ይገለበጥ?» ትላለች። እትዬም ስልኳን ተመልክታ «ቆዪ፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም» ትላታለች። ሁለት ደቂቃው ሲሞላ የጭስ ሽታ ሳሎን ይደርሳል፤ ጥፋቱም የመጥበሻው ነው ተብሎ የማያጣብቅ መጥበሻ ለመግዛት ይወሰናል።

ፍራፍሬውም ፖለቲካ አለው። ጠቆር ጠቆር ያለ የአርባ ምንጭ ሙዝ የሰፈሩ ፍራፍሬ ሻጭ ድሮ በምርቃት የሚጨምረው ነበር፤ አሁን «ለፓንኬክ ነው?» ብሎ ይጠይቅና ለብቻው ይመዝነዋል። የጨንቻ ፖም ተፍቆና ውኃው ተጨምቆ ሲገባ ደስ ይላል። ፓፓያ ሊጡን ያቀጥናል። እንጆሪ ከላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣና ወደ ፍሪጅ ይመለሳል፤ የሚበላ ነው ብሎ እጁን የዘረጋ ሕፃን ይገሠጻል።

አንድ ነገር ግን አስደስቶኛል፤ ይኸውም ጾም ነው። ረቡዕ፣ ዓርብና ዐቢይ ጾም እንቁላልና ወተት ሲከለክሉ፣ የውጭዎቹ መምህራን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ቢቦካ በአንድ እንቁላል ፋንታ ሊጡን ይይዛል ብለው ያስተምራሉ፤ እውነትም ይይዛል። እናቲቱ ይህን ሰምታ ተልባ ፍለጋ ሁለት ሱፐርማርኬት ዞረች፤ አማቷ ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡት አንድ ቁና ተልባ ከአልጋቸው ሥር ነበር። «እማማ፣ ይህ ለፓንኬክ ይሆናል እኮ!» አለቻቸው በደስታ። እርሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ለጾም ብዬ ነው ያመጣሁት፤ ላልሽው ነገር ከሆነም ውሰጂው» አሏት።

ጤናው የሚያልቀው ደግሞ ገበታ ላይ ነው። ከሊጡ ስኳርን ያባረረ ቤት ማርን ስኳር ብሎ አይቆጥርም። ፓንኬኩ በማር ይታጠባል፤ ትንሹ ልጅ ማሩን አልፈልግም ካለ ቸኮሌት ይቀባለታል፤ አባትዬው ስለ ቦርጩ ሲል ሁለት ብቻ ይበላና በሻይው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምራል። ፎቶው ተነሥቶ እስኪያልቅም ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ በፎቶው ሥር ግን «ያለ ስኳር፣ ያለ ግሉተን» ተብሎ ይጻፋል።

የተረፈው ብዙ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤት ሴቶች ቡና ቁርስ ሆኖ ከቆሎው ጋር ይቀርባል። እነርሱም እያንዳንዳቸው ቆርሰው፣ እያዩ፣ ለጨዋነት ያህል ያኝኩታል። ያን ዕለት ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። «ቂጣሽ ደርቋል፤ ቅቤ አምጪልኝ» ብለው ፓንኬኩን በእጃቸው ሰባበሩት፤ ንጥር ቅቤና በርበሬ አቅልጠው አሹት፤ የሙዙ ጣፋጭነት ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ማንም ያልጠበቀው ጥሩ ነገር ሆነ፤ ሳህኑ ሁለት ጊዜ ሳይዞር አለቀ። አንዷ ጎረቤት አሠራሩን ስትጠይቅ፣ ባለቤቲቱ ለአፍታ አስባ «ፓንኬክ ፍርፍር ይባላል፤ የውጭ ነው» አለቻት። ባለፈው ሰሞን የሰፈራችን ካፌ የምግብ ዝርዝር ላይ «የጤፍ ፓንኬክ ፍርፍር በንጥር ቅቤ» የሚል ተጽፎ አየሁ፤ ዋጋው ከጨጨብሳው እጥፍ ነው፤ ሳዝዝም አስተናጋጁ «ጋሼ፣ አልቋል፤ ጨጨብሳ ላምጣልዎት?» አለኝ።