ልጅ ለማይኖርበት ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ (ስቱዲዮ) የትምህርት ቤት ክፍያ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው የግንባታ ፈቃዱን ሊወስድ ሲሄድ አንድ ወረቀት ይጠየቃል። ለአካባቢው የትምህርት ዲስትሪክት ክፍያ መክፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ ፈቃድ የለም። ክፍያው የሚሰላው በቤቱ ስፋት ነው። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ የተወሰነው መደበኛ የክፍያ ጣሪያ ለመኖሪያ ቤት በስኩዌር ፊት 5 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነበር። ለ2,000 ስኩዌር ፊት ቤት 10,340 ዶላር ማለት ነው። ገና መሠረት ሳይቆፈር።

ሕጉ የወጣው በ1986 ነው፤ ያኔ ጣሪያው 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የነገሩ ሥር ግን ወደ 1978 ይመለሳል። በዚያ ዓመት መራጩ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን የንብረት ግብር ገደብ አጸደቀ። የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ አካባቢ ላይ ቆመ። ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ታሰረ። ነባሩ ባለቤት እፎይ አለ። የትምህርት ቤት ሕንፃ ግን ብር መብላቱን አላቆመም። ስለዚህ ሸክሙ ወደ መጪው ሰው ዞረ። መጪው ሰው ደግሞ ገና ስላልመጣ ድምፅ አይሰጥም፣ ስብሰባ ላይም እጁን አያወጣም።

ክፍያውን ከነጭራሹ የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ባዶ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ሲበቅሉ ልጆቹ የሚሄዱት እዚያው ወዳለው ትምህርት ቤት ነው። ክፍል ሲሞላ ግቢው ውስጥ ተገጣጣሚ ክፍሎች ይደረደራሉ። የእንጨት መወጣጫ፣ ጠባብ መስኮት፣ ሲንኮሻኮሽ የሚውል ማቀዝቀዣ። «ጊዜያዊ» ተብለው ገብተው ስንት ትውልድ ያስመርቃሉ! ይህን ጫና ያመጣው ግንባታ የድርሻውን ቢከፍል ተገቢ ነው።

«የሚከፍለው ቤት አልሚው ነው» ሲባል ግን አልዋጥልህ ይለኛል። አልሚው ወይ መሬቱን በርካሽ ለመግዛት ይከራከራል፣ ወይ ዋጋው ላይ ይጨምራል። ቤት በጠፋበት ገበያ የትኛው እንደሚቀለው ግልጽ ነው።

ትልቁ ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምንድነው ልጅ ሳይቆጠር ወለል የሚለካው? 700 ስኩዌር ፊት የሆነች አንድ መኝታ አፓርታማ በዚያው ጣሪያ 3,619 ዶላር ትጠየቃለች። 100 አፓርታማ ያለው ሕንፃ 361,900 ዶላር። እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ብቸኛ ሠራተኛ ወይም ልጅ ያልወለዱ ጥንዶች ናቸው። የካሊፎርኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ደግሞ ቀንሷል፤ ከ20 ዓመት በፊት 6.3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ በ2024-25 የትምህርት ዘመን 5.8 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ገንዘቡ ለነባር ሕንፃ እድሳትም መዋል ስለሚችል ተማሪ እየቀነሰባቸው ያሉ ዲስትሪክቶችም ያስከፍላሉ። ያ እድሳት አያስፈልግም አልልም። ግን የሰፈሩ ሁሉ ዕዳ ነው፤ ትናንት የገባ ተከራይ ለብቻው የሚሸከመው አይደለም።

ሜሪላንድ ውስጥ፣ የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሌላ መንገድ ሄዷል። ሒሳቡ በቤቱ ዓይነት ይለያያል። ከየዓይነቱ ስንት ተማሪ እንደሚወጣ ይታያል፣ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ግቢ ካለው ቤት በጣም ያነሰ ይከፍላል። ድሮ ትምህርት ቤቱ ከሞላ አዲስ ቤት መሥራት ይታገድ ነበር። በ2020 እገዳው ቀርቶ በተጨናነቁ ሰፈሮች ተጨማሪ ክፍያ ሆነ። እንከን የለውም አልልም፤ ቢያንስ ልጅ ይቆጥራል።

ካሊፎርኒያም ብትሆን ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንባትም። ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ የሚሠራ መኖሪያ የሚከፍለው በንግድ ቤት ተመን ነው፤ በ2024ቱ ውሳኔ በስኩዌር ፊት 84 ሳንቲም። ሽማግሌ ልጅ ትምህርት ቤት አያስገባም ተብሎ ሕጉ ራሱ ተቀብሎታል። ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዋን የምትኖረው ነርስስ ማንን ታስመዘግባለች?