ለወጣቱ ቁልፉን ስጡት

የወጣቶች ካምፕ የመጨረሻ ሌሊት ምን እንደሚመስል፣ የመራ ያውቀዋል። መዝሙሩ ይሞቃል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ልጆቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እኛ መሪዎች ዳር ቆመን «ዘንድሮ እግዚአብሔር ሠራ» እንባባላለን። እኔም ለዓመታት ካምፑ ተሳካ አልተሳካ የምለው ያችን ሌሊት አይቼ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

እንባውን መናቄ አይደለም። ግን በዚያች ሌሊት ፊታችን የቆመው ልጅ ለሦስት ቀን በቅጡ አልተኛም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚመጣውም አምሽቶ ነው፤ በጊዜ ተኛ ቢሉት እንኳ ቶሎ አይወስደውም። እኛ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ፕሮግራም እንይዝና ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት እንቀሰቅሰዋለን። ትምህርት ላይ ሲያንቀላፋ ደግሞ «ለቃሉ ጥማት የለውም» እንላለን። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልሰበከለትም። ቀስቅሶ አበላው። ተመልሶ ሲተኛ ተወው። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። ረጅሙ መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ልማዳችን ነጥብና ሽልማት ነው። ጥቅስ ለሸመደደ ነጥብ፣ ቀድሞ ለተገኘ ነጥብ። በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ፈተኑ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን ያለ ሽልማት ሲያቀርቡላቸው፣ እነዚህ ልጆች ሲሥሉ የቆዩት ከሌሎቹ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነበር። እርግጥ እነዚያ ሕፃናት ናቸው። ቢሆንም ቃሉን ለነጥብ ብሎ የያዘ ልጅ ነጥቡ ሲቀር ምን እንደሚይዝ ያሳስበኛል።

«ታዲያ በምን እናነሣሣቸው?» ይሉኛል። በሥራ ነው የምለው።

አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ስቦ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምን ሆንክ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ደበረኝ»። በሁለተኛው ቀን የድምፅ መሣሪያውን የሚይዘው ወንድም ታመመ። ቸግሮኝ ልጁን ጠራሁትና የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠሁት።

«ከአሁን ጀምሮ ያንተ ነው» አልኩት።

ቁልፉን አየው። እኔን አየኝ። «ቢበላሽስ?»

«አብረን እናየዋለን።»

በማግስቱ ስመጣ አዳራሹ ተከፍቷል። ገመዶቹ አንድ በአንድ ተጠቅልለው ታስረዋል። በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ የት እንደሚሰካ ጽፎበታል። ማንም አላዘዘውም። ማታ ገመድ እየሰበሰብን ስለ አባቱ ነገረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠይቀው ዝም ያለኝን ነገር።

ወንበር መደርደርና ወረቀት ማደል ብቻ ከሰጠናቸው ልጆቹ ያውቁብናል። የሚሰጣቸው ሥራ ካልተሠራ ካምፑ የሚጎድልበት ይሁን። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ኤፌሶን ላይ ተቀምጦ በስሕተት የሚያስተምሩትን እንዲከለክል ኃላፊነት ጥሎበታል። ከባድ ሥራ ነው።

መሪውን የሚፈትነው ግን ልጁ ሲሳሳት ነው። አንዲት ልጅ የጠዋቱን ጥሞና ስትመራ ቃሉ ጠፋባትና ዝም አለች። እጄ ወደ ማይኩ ሄደ፤ መለስኩት። ያ ዝምታ በጣም ረዘመብኝ። ከዚያ «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» ብላ ቀጠለች። ማይኩን ነጥቄያት ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ የምትቆም አይመስለኝም።

የገመዱ ልጅ ወደ አጥቢያው ሲመለስ የድምፅ ክፍሉ ተቆልፎ ጠበቀው። «ይህ የትልልቆች ሥራ ነው» አሉት። ሁለት እሑድ መጣ፣ በሦስተኛው ቀረ። ጥፋቱን እነሱ ላይ ብቻ መጣል አልችልም። ቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን ካምፑ ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ወደየአጥቢያው መሪዎች እደውላለሁ። ልጁ ሲመለስ የሚይዘውን ሥራ ከወዲሁ ንገሩኝ እላለሁ። አንዳንዶቹ «እናስብበት» ይሉኛል። እነሱ ጋ በሳምንቱ እንደገና እደውላለሁ።