ጉሙ እስኪነሳ መጠበቅ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ የ9 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ይዤ ከሐይቅ ዳር ተቀመጥኩ። ቦታው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ተፈጥሮ ውብ ናት» ብላ ጀመረች። «ምን አየሽ?» አልኳት። «ምንም አይታይም እኮ አክስቴ፤ ጉም ብቻ ነው» አለችኝ። እንግዲያው እንጠብቅ ተባባልንና አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናነብን። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ተገፈፈ። የመጀመሪያውን መስመር ሰረዘችውና ጣቷን እያጠፈች ቆጥራ ይህን ጻፈች፦

ጉሙ ተነሳ፤
ሐይቁ ተመለሰ፣
ዳክዬ ይዞ።

ይህ የግጥም ዓይነት ሃይኩ ይባላል። ጃፓኖች ለዘመናት የቆዩበት፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ባሾ የተባለው ባለቅኔ ከፍ ያለ ደረጃ ያደረሰው አጭር ግጥም ነው። ሦስት ስንኝ አለው፤ 5፣ 7 እና 5 ድምፅ። በልማዱ ወቅትን የሚያመለክት አንድ ቃል ይገባበታል፤ መሐሉ ላይም ሐሳቡን ለሁለት የሚከፍል ቆረጥ ያለ እረፍት አለው። ቤት መምታት አይጠበቅበትም።

የጃፓን ግጥም ለወሎ ልጅ ምን ይሠራለታል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን ከብዙዎቹ ቋንቋዎች ይልቅ ለእኛ ፊደል የተመቸ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጃፓኖች ሲቆጥሩ አናባቢ የሌላትን «ን» እንኳ እንደ አንድ ምት ይይዟታል። እኛም ሳድሱን ጨምረን ፊደሉን አንድ በአንድ ብንቆጥር ወደዚያው እንቀርባለን። ሀሁ የለየ ልጅ ሁሉ መቁጠር ይችላል ማለት ነው። ከላይ ያለውን ግጥም ቁጠሩት፤ ልክ 5፣ 7፣ 5 ነው።

ማጠሩም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ወሎ ያለው ዋድላ የቅኔ አገር ነው። ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ስንት ምስጢር ይሸከማል! የቅኔ ተማሪም ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም አስቦ የሚያዘጋጀው፣ ከሰው ተነጥሎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። መንዙማ እየሰማ ያደገውም ልጅ ጆሮው ለምት የተሳለ ነው። የወቅት ቃል ደግሞ ሞልቶናል። አደይ ያለ መስከረምን ጠራ። በልግ የሚለው ቃል በወሎ ደጋ ገብስ የሚዘራበትን፣ ሰማይ ሰማይ የሚታይበትን ጊዜ ይዞ ይመጣል።

የሚያሳስበኝ ልጆቻችንን ግጥም የምናስጽፍበት መንገድ ነው። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ የሚነበበውን አስታውሱ፤ አገር፣ ሰላም፣ እናት፣ ትምህርት። እነዚህ ታላላቅ ቃላት ናቸው፤ የ10 ዓመት ልጅ ግን የሚያገኛቸው ከአዋቂ አፍ ነው። ያላየውን ጽፎ ይጨበጨብለታል፣ ያየውን ሳይጽፍ ያድጋል። ሃይኩ «ምን አየህ?» ብሎ ስለሚጀምር ልጁ ከራሱ ዓይን ሌላ የሚበደርበት የለም።

በማስተምርበት ክፍል ከቃሉ ወረዳ ቆላ መጥቶ ደሴ ዘመድ ቤት የሚኖር ተማሪ አለ። በክፍል ውስጥ ብዙም አይናገርም፤ ሲጽፍም ከሁለት መስመር አያልፍም ነበር። ከቤታችሁ ደጅ ያለውን ጻፉ ብዬ ባዘዝኩ ቀን ይህን ሰጠኝ፦

ማሽላ ገባ፤
ማማዬን ወረሱ
ወፎቹ ሁሉ።

ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ የዋለ ልጅ ብቻ የሚጽፈው ነው። ስንት ቀን ያባረራቸው ወፎች፣ እህሉ ከገባ በኋላ እሱ የቆመበት ላይ ቆመዋል። ቂም ይሁን ናፍቆት አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ክፍሉ ግን ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከቆላ የመጡት ሌሎቹ ልጆች ስለ ወፍ ጥበቃ ማውራት ጀመሩና ደወሉ እስኪደወል አላቆሙም።

መምህራንና ወላጆችን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ አታቃኑባቸው። «መጨረሻው ላይ ትምህርት ሰጪ ሐሳብ ጨምርበት» የሚል አስተያየት ይህን ግጥም ይገድለዋል። አንድ ፊደል ቢበዛ ወይም ቢጎድልም ምንም አይደለም፤ ቁጥሩ ልጁ ቃሉን እንዲመርጥ የሚያስገድድ አጥር ነው እንጂ ፈተና አይደለም። «ውብ»፣ «ድንቅ» እና «ማራኪ» የሚሉትን ቃላት ግን ለአንድ ወር ብትከለክሏቸው ደስ ይለኛል። ውብ የሆነው ምኑ እንደሆነ ለማሳየት ይገደዳሉ።

የሚያስፈልገው ግማሽ ገጽ ወረቀትና እርሳስ ነው። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንዱ ከክፍል ውጭ ይሁን። የደሴ ልጅ ቀና ቢል ጦሳ ተራራ አለለት፤ የኮምቦልቻው ቦርከና ወንዝ አለው፤ የአማራ ሳይንቱ ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ ያያል። የጻፉትንም በሚኒ ሚዲያው ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እያደረጋችሁ አስነብቡላቸው። አንዱን ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

የእህቴ ልጅ አሁን ስለ ጥቅምት ውርጭ እየጻፈች ነው። ሁለተኛው ስንኝ 8 ሆኖባት ሦስት ቀን ሆናት። ልረዳት ፈልጌ ነበር፤ «ተዪኝ አክስቴ፣ ነገ ጠዋት ወጥቼ እንደገና አየዋለሁ» ብላኛለች።