ማስተካከያ፦ የመኪና ሪሞት ባትሪ ሲያልቅ

ቀደም ሲል “የሪሞቱ ባትሪ ካለቀ መኪናው አይከፈትም፣ አይነሳም፣ ያለው አማራጭ አዲስ ቁልፍ ማሠራት ነው” ተብሎ የተጻፈው ትክክል አይደለም። ሰውን በከንቱ ለወጪ ይዳርጋል።

አብዛኞቹ ሪሞቶች ውስጥ ቀጭን የብረት ቁልፍ አለ፤ ማላቀቂያውን ገፋ አድርጎ መምዘዝ ነው። የበሩ ቀዳዳ ካልታየ እጀታው ላይ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በብረቱ ሲከፍቱ አላርሙ ቢጮህ አይደንግጡ (ጎረቤት ብቅ ማለቱ አይቀርም)፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሲነሳ ዝም ይላል።

በተን ተጭነው የሚያስነሱት መኪና ከሆነ ደግሞ ፍሬን ረግጠው ሪሞቱን ራሱን ማስነሻው ላይ አስጠግተው ይጫኑ፣ ምክንያቱም ሪሞቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ ኃይል የምታገኘው ከመኪናው ስለሆነ የሞተው ባትሪ አያስፈልጋትም። አንዳንዱ መኪና ማስጠጊያ ቦታው ሌላ ነው፤ ማኑዋሉ ላይ ይገኛል።

“ሲአር 2025 እና ሲአር 2032 የሚባሉት የሪሞት ባትሪዎች አንድ ናቸው” የሚለውም ይታረም። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው ውፍረት 2.5 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 3.2 ነው። ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ከገባ ይላላና አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ያንኑ መግዛት ነው።