ድምፅ የማይደርስበት መቀመጫ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥልን እስከ መቼ ነው?

ከእያንዳንዱ ትልቅ የሮክ ኮንሰርት ማግስት ያው ወሬ ይመጣል። «አርጅተዋል እኮ! ዘፋኙ ድምፁ አልቋል፣ ድራመሩ ምት ይስታል፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዶላር የከፈልነው?» ዕድሜ ልካቸውን መድረክ ላይ የኖሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት የማይረቡ ተደርገው ይወራሉ። ይሄን የሚያወራ ሰው ግን የት ተቀምጦ እንደሰማ አይናገርም። እስቲ ጠይቁት። የላይኛው ፎቅ ጥግ፣ ወይም ከጣሪያ ሥር የመጨረሻው ረድፍ ነው የሚላችሁ። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሰማው የኮንክሪቱን የገደል ማሚቶ ነው። ባንዱ ምን እንደተጫወተ የሚፈርድበት ነገር ጆሮው አልገባም።

ደሜን የሚያፈላው ደግሞ ሻጮቹ ይሄን ማወቃቸው ነው። ምሰሶ ወይም ስክሪን የሚጋርደው መቀመጫ ሲሸጥ «እይታ የተጋረደበት» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ዝቅ ይላል። ድምፅ የሚጋረድበት መቀመጫስ? አንድ ቃል አይጻፍበትም። ሰው ወደ ኮንሰርት የሚሄደው ለመስማት ነው ወይስ ለማየት?

ሜታሊካን እንውሰድ። በ1981 የተመሠረተ ባንድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ዛሬ አራቱም ስልሳን አልፈዋል። በ2023 አምስተርዳም ላይ በጀመሩት ኤም 72 በተባለው ጉዟቸው መድረኩ ክብ ነው፤ ከሜዳው መሐል ይዘረጋል፣ የክቡ ውስጥ ክፍት ሆኖ ተመልካች ይቆምበታል። ዙሪያውን ስምንት ማማዎች አሉ፣ ስፒከሩም ስክሪኑም እነሱ ላይ ነው። ላርስ ኡልሪክ በክቡ ላይ አራት ቦታ የተዘጋጀ ድራም አለው፤ ምሽቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይጫወታል። በአብዛኛው ከተማ ሁለት ምሽት ይቆያሉ፣ በሁለቱ ምሽቶች አንድም ዘፈን አይደገምም። ሐሳቡን ከልቤ ነው የማደንቀው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፈተና ራሳቸው ላይ የሚጭኑ ባንዶች ብዙ አይደሉም። ግን ክብ መድረክ ማለት ድምፁ በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል፣ በሁሉም አቅጣጫ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ይላተማል ማለት ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ከስፒከሩ 100 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 0.29 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ዱላው ድራሙ ላይ ሲያርፍ በዓይኑ ያያል፣ ምቱን የሚሰማው ቆይቶ ነው። «ድራመሩ ወደኋላ ይጎትታል» የሚባለው አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ይሄስ ባልከፋ። ያው ምት ከማዶ ያለውን ግድግዳ ገጭቶ ተመልሶ ይመጣል። የተመለሰው ድምፅ 100 ሜትር ትርፍ መንገድ ከሄደ፣ ከዋናው በ0.29 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል። አሁን በደቂቃ 200 ምት የሚሄድ ፈጣን ዘፈን አስቡ። በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምት ማሚቶ ከሁለተኛው ምት ጋር ለጥቂት ሳይገጥም፣ ከፊቱ ይወድቃል። በእግር የሚመታው ድራም በአንድ ምት ውስጥ አራት ጊዜ ሲመታማ ክፍተቱ 0.075 ሰከንድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው አንድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው። ለዚህ ነው እዚያው መቀመጫ ላይ ሆኖ ቀስ ያለው ዘፈን ግሩም ሆኖ ፈጣኑ ዝብርቅርቁ የሚወጣው። ሰውየው ግን «ቀስ ያለውን ብቻ ነው የሚችሉት፣ ለፈጣኑ አቅም የላቸውም» ብሎ ይፈርዳል። ግፍ ነው!

የጣሪያው ነገር ለብቻው ይነሳ። አዲስ አበባ ስታዲየም ጥላ ፎቅን ያየ ሰው ጣሪያ ያለበት ቦታ ሁሉ የክብር ቦታ ይመስለዋል። ለኳስ እውነት ነው። ለኮንሰርት ግን ከላይኛው ፎቅ ወለል ሥር የሚገቡት የኋላ ረድፎች ወጥመድ ናቸው። ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ሲምባሉ፣ የጊታሩ ስለት፣ ቃሉን ቃል የሚያሰኙት የዘፋኙ «ስ» እና «ት»፣ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ኮንክሪት ከጋረደው እዚያው ይቀራል። ወፍራሙ ቤዝ ግን ይጠመዘዛል። የ50 ኸርዝ ሞገድ 7 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው ምሰሶም ጠርዝም አያቆመውም፤ ከጣሪያው ሥር ገብቶ ይከማቻል። ውጤቱ ቃሉ የማይለይ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ እምምታ ነው። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከዚያ መቀመጫ የተነሳ ፎቶ ፈልጉና አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ከላይ የተንጠለጠሉት፣ እንደ ሙዝ ጎበጥ ያሉት የስፒከር ሰንሰለቶች ይታያሉ? ስፒከሩ ካልታየ ድምፁም በቅጡ አይሰማም።

መድረኩ በአንድ ጫፍ ሲሆን ደህናው ቦታ ከሚክሰሩ አካባቢ ነው። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው፤ ከእሱ አጠገብ ያለ ሰው እሱ የሰማውን ይሰማል። ከአጥሩ ሥር፣ ከመድረኩ እግር የቆመ ሰው ዋናዎቹ ስፒከሮች ከራሱ በላይ ያልፉታል፤ የሚደርሰው መድረኩ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት ትንንሾቹና መሬት ከተቀመጡት የቤዝ ስፒከሮች ነው። ላብና ቅርበት ለሚፈልግ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፣ ድምፅ ለሚፈልግ ግን አይመከርም። የቤዝ ስፒከሮቹ በግራና በቀኝ ከተደረደሩ ደግሞ በሜዳው መሐል መስመር ላይ ቤዙ ይበረታል፣ ወደ ጎን ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ይጠፋል። ለቆመ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት። ለተቀመጠ ሰው ምን ይባላል? ክብ መድረክ ከሆነ በሁለት ማማዎች መካከል ካለው ይልቅ አንዱን ማማ ፊት ለፊት የሚያየው ክፍል ይሻላል፤ ከሁለት ማማዎች የተለያየ ርቀት ላይ ስትቀመጡ ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ይደርስና ጊታሩን የቆርቆሮ ድምፅ ያስመስለዋል።

ለኋላው ሰው ድምፅ እንዲያደርሱ ሜዳው መሐል የሚቆሙት የስፒከር ማማዎችም (ዲሌይ ይባላሉ) የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከመድረኩ 70 ሜትር ላይ ያለ ማማ ድምፁን 0.2 ሰከንድ ያህል አዘግይቶ ካልለቀቀ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉን ነገር ሁለቴ ይሰማል። አየሩ ሲመሽ ከ20 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ የድምፅ ፍጥነት ወደ 337 ሜትር ይቀንሳል፤ ቀን ላይ የተለካው ሰዓት ማታ አይገጥምም፣ እንደገና መስተካከል አለበት። ነፋስ ካለማ ላይኛው ፎቅ ላይ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። እና ባዶ ስታዲየም ውስጥ የተፈተሸ ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል፤ የሰው አካል ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘፈኖች ማስተካከያ ናቸው ብላችሁ ያዙት፤ በእነሱ ባንዱ ላይ መፍረድ ፍትሕ አይደለም።

ከተማዎቹም እጃቸው አለበት። በጎረቤት ቤቶች በር ላይ በሚለካ ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ለድምፁ ጣሪያ ያበጃሉ፣ ሰዓት እላፊም አለ። በ2012 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከፖል ማካርትኒ ጋር መድረክ ላይ እያለ ሰዓቱ አልፏል ተብሎ ድምፁ ተቆርጧል። ሁለት እንዲህ ያሉ አንጋፎች ጎን ለጎን ቆመው!

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የስልክ ቪዲዮ ነው። የስልክ ማይክራፎን ለሰው ንግግር የተሠራ ነው። ቤዙ ሲመታው ይታነቃል፤ ስልኩ በራሱ ጊዜ መጠኑን ይቀንሳል፣ የዘፋኙ ድምፅ አብሮ ይሟሽሻል፣ ቤዙ ሲለቀው መልሶ ይጮኻል። በዚያ ላይ የሚቀርጸው ሰው አብሮ ይዘፍናል። ይሄ ነው ሌሊቱን ተሠራጭቶ ስለ ሜታሊካው ዘፋኝ «ሄትፊልድ አለቀለት» የሚያስብለው። አንድ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ አይቶ የአርባ ዓመት ሥራ ላይ አስተያየት የሚጽፍ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ስለ ቃናው መውረድም አንድ ነገር ልበል። ሜታሊካ መድረክ ላይ ጊታሮቹን ከአልበሙ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጫወት የጀመረው ገና በ1990ዎቹ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታር ይደርቃል፣ ከፍተኛው ኖታ ያደክማል፤ ግማሽ ድምፅ ማውረድ ዘፋኙ ዓመቱን ሙሉ ሳይጎዳ እንዲዘፍን የሚያደርግ የሙያ ውሳኔ ነው። አብሮ የተቀዳ ድምፅ ከኋላ ከፍቶ አፍ ከማንቀሳቀስ ይሄ መቶ ጊዜ ይበልጥብኛል። ባንድ በእውነት ሲደክም የለም አልልም። ይደክማል፣ ያን ጊዜም ይነገር። ግን በደንብ የሰማ ሰው ይናገረው።

ጆሮም የሚከፈልበት ነገር አለ። በ1976 ዘ ሁ የተባለው ባንድ ለንደን ቻርልተን ሜዳ ላይ ከስፒከሩ 32 ሜትር ርቀት 126 ዴሲቤል ተለክቶበታል። ኤሲ ዲሲ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን በ2016 ጆሮው ጨርሶ እንዳይጠፋ ጉዞውን ማቋረጥ ግድ ሆኖበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለኮንሰርት ያወጣው ልክ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው፤ የአሜሪካው የሠራተኛ ጤና ተቋም (ኒዮሽ) መለኪያ ደግሞ 100 ዴሲቤልን ያለ መከላከያ 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳል። ኮንሰርቱ ሁለት ሰዓት ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ ግን ርካሹ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቆርጥ ጭቃ ያደርገዋል። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ማጣሪያ ያለው ሁሉንም እኩል ይቀንሳል። ስፖንጁ ብቻ ካላችሁ በጣት አጥብቃችሁ አሹት፣ በሌላው እጅ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልሠራም።

አሁን ወደ ሻጮቹ ልመለስ። «በየመቀመጫው ድምፁ እንዴት እንደሆነ ማን ያውቃል?» ይላሉ። ያውቃሉ! ስፒከሩ ከመሰቀሉ በፊት የድምፅ ባለሙያዎቹ የስታዲየሙን ቅርጽ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባሉ፤ ስፒከር የሚሠሩት ሜየር ሳውንድም ኤል አኩስቲክስም ለዚሁ የሠሩት ፕሮግራም አላቸው። የትኛው ረድፍ ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚደርስ፣ የቱ ጋ ቀጭኑ ድምፅ እንደሚጠፋ በቀለም የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። ካርታው አለ። ለገዢው ግን አይታይም፤ ለእኛ የሚታየው ዋጋው በየደቂቃው የሚለዋወጥ የመቀመጫ ካርታ ነው፣ መጨረሻ ላይ የአገልግሎት ክፍያ የሚቆለልበት፣ ከዚያም አየር በአየር ነጋዴው እጥፍ አድርጎ የሚቸረችረው።

ባንዶቹ ከጮኹ ይሰማቸዋል። ኪዩር የተባለው ባንድ መሪ ሮበርት ስሚዝ በ2023 የክፍያው መብዛት አናዶት በአደባባይ ሲሟገት፣ ትኬት ሻጩ ቲኬትማስተር ዝቅተኛውን ትኬት ለገዙት 10 ዶላር፣ ለቀሩት 5 ዶላር በየትኬቱ መልሷል። ገንዘብ ማስመለስ ከቻለ ካርታ ማስለጠፍ ያቅተዋል? «ድምፅ የተጋረደበት» የሚል አንድ መስመር ከመቀመጫ ቁጥሩ ጎን ይጻፍ፣ ዋጋውም ይውረድ።

እስከዚያው፣ ገብታችሁ ቃሉ የማይለይ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ዘፈን ታገሡ፣ ካልተስተካከለ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጣችሁ አትብገኑ። አስተናጋጆቹ ጋ ሂዱና የመቀመጫ ቁጥራችሁን አሳይታችሁ ሌላ ቦታ ጠይቁ። በማግስቱም አቤቱታውን ለአዘጋጁ በጽሑፍ ላኩ፦ ክፍሉ፣ ረድፉ፣ ቁጥሩ፣ ስፒከሩ ይታይ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ከየትኛው ዘፈን እስከ የትኛው ምን እንዳልተሰማ። ቪዲዮ አታያይዙ፤ ድምፁን ስልኩ አበላሸው ብለው ይመልሱላችኋል። ከመቀመጫችሁ ወደ ስፒከሩ አቅጣጫ የተነሳ አንድ ፎቶ ይበቃል።