ረቢ ባኽራኽ የተቃወሙት በሕጉ ምክንያት አልነበረም
በጀርመን የቮርምስ ከተማ ረቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) የነበሩት ያኢር ሐይም ባኽራኽ ሴት ልጅ ለሞተ አባቷ ቃዲሽ የተባለውን የአይሁድ ጸሎት እንዳትደግም የተቃወሙት «ሕጉ ስለማይፈቅድላት» ነው የሚለው፣ ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ አገላለጽ ትክክል አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 በፍራንክፈርት ባሳተሙት «ሐቮት ያኢር» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ለሃይማኖታዊ ሕግ ጥያቄዎች ከሰጧቸው ምላሾች በ222ኛው፣ ነገሩ በዝርዝር ሰፍሯል፦ ወንድ ልጅ ያልነበረው አንድ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አሥር ሰዎች በየቀኑ በክፍያ ቤቱ ተሰብስበው እንዲያጠኑ፣ ጥናቱ ሲያበቃም ሴት ልጁ ቃዲሽ እንድትል በአምስተርዳም ተናዞ ነበር። ረቢው የሚከለክል ማስረጃ እንደሌለ፣ ሴትም የፈጣሪን ስም እንድትቀድስ እንደታዘዘች፣ ጸሎቷም ለአባቷ ነፍስ እንደሚጠቅም አንድ በአንድ ከተቀበሉ በኋላ ነው፣ የሕዝቡ ልማድ እንዳይላላ በመስጋት ብቻ የተቃወሙት። የሚጎዳቸውን ማስረጃ ሳይሸሽጉ በራሳቸው እጅ ጽፈው ማስቀመጣቸው እጅግ አከብራቸው ዘንድ አድርጎኛል። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት አንባቢ ደግሞ ረቢው የሴቶችን ዕውቀት ይንቁ እንደነበር ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ስም፣ በኦሪት ዘኍልቍ ከተጠቀሱት የኢያዕር መንደሮች ስም ጋር የሚገጥም ቢሆንም፣ የተመረጠው ሐቫ ማለትም ሔዋን የተባሉትን አያታቸውን ለማስታወስ ነው፤ እኚህ ሴት ማሃራል የሚባሉት የፕራግ ታዋቂ ረቢ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ ረቢው በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የመጻሕፍት ዕውቀታቸውን በአድናቆት ያነሣሉ።